«ጋዝ ሙላልኝ» ከማለት በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሙቀቱ ሲበረታና ሰው ለበዓል ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የመኪና ኤሲ የሚሠሩ ጋራዦች ደጃፍ ይጨናነቃል። ባለመኪናው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ጋዝ ሙላልኝ» ይላል፤ ሠራተኛውም ሲሊንደሩን አቅርቦ ይሞላል። ሁለት ወር ሳይቆይ ያው መኪና ተመልሶ ይመጣል። ይህ ልማድ የሰው ገንዘብ ይበላል፣ ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረውን ኮምፕሬሰርም ይገድላል። መቅረት አለበት ብለን ስለምናምን ይህን ጽፈናል።

የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም፤ በታሸገ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሊሰርግ ይችላል። በሁለት ወር የጠፋ ጋዝ ግን የወጣበት ቀዳዳ አለው። ደግሞም ኤሲው የደከመ መኪና ሁሉ ጋዝ ጎድሎት አይደለም።

ስለዚህ የግፊት መለኪያው ጌጅ ከመገጠሙ በፊት እጅን የአየር መውጫው ላይ አድርጎ መለየት ይገባል፦ የደከመው ንፋሱ ነው ወይስ ቅዝቃዜው? ንፋሱ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው የካቢን ፊልተር ነው። በቪትዝ፣ በኮሮላና በሌሎች ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከጎን ተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ይገኛል፤ አውጥቶ ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፊልተሩ ጭራሽ የሌለበት መኪናም ያጋጥማል። ያኔ አቧራው በቀጥታ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ርጥብ ኢቫፖሬተር ላይ ይጣበቅና ጭቃ ይሆናል። ንፋሱ በከፍተኛው ቁጥር ብቻ የሚሠራ፣ በሌሎቹ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው የንፋሱን ፍጥነት የሚመጥነው ሬዚስተር ነው፤ የንፋሱን ሞተር ለመቀየር መቸኮል አያስፈልግም። ሲነሱ ጥሩ ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንፋሱ እየቀነሰ የሚሄድ፣ ኤሲውን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው ሲያበሩት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል፤ ቅዝቃዜውን የሚለካው ቴርሚስተር ይፈተሽ።

ንፋሱ ደህና ሆኖ ቅዝቃዜው ከደከመ፣ መቼ እንደሚደክም ማስተዋል ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ እየቀዘቀዘ የመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ብዙ ጊዜ ችግሩ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ ከሚያስወጣው ኮንደንሰር ወይም ከፋኑ ነው። ኤሲ በርቶ መኪናው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የፋኑን ሞተር በቅደም ተከተል ማየት ነው። ኮንደንሰሩ በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ግፊቱ ለስላሳ በሆነ ውሃ ይታጠብ። ላቫጆ ቤት ያለው ከፍተኛ ግፊት ስስ የሆኑትን የአሉሚኒየም ቅጠሎች አጣጥፎ ጭራሽ ይደፍነዋል።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጌጅ ላይ የሚነበበው ግፊት የጋዙን መጠን አይናገርም። መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። በብዙ መኪኖች የሚሞላው የአር-134ኤ ጋዝ በ20 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ ወደ 70 ፒኤስአይ ያሳያል፤ ውስጡ 200 ግራም ቢኖርም 450 ግራም ቢኖርም ያው ነው። ሞተሩ ተነስቶም ንባቡ ከውጭው ሙቀትና ከሞተሩ ዙር ጋር ይለዋወጣል። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ «ዝቅ ብሏል» ተብሎ የተጨመረ ጋዝ መተሐራ ሲደርስ ትርፍነቱ ይታያል፦ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይሞላል፣ በኮምፕሬሰሩ መውጫ በኩል ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጮኻል። ባለመኪናው ግን አሁንም ጋዝ የጎደለ ይመስለዋል።

መፍትሔው ሚዛን ነው። ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ስር ወይም ራዲያተሩ አካባቢ የተለጠፈው ወረቀት የጋዙን ዓይነትና መጠን ይናገራል። አነስተኛ መኪኖች በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 ግራም ይይዛሉ፤ የኋላ ኤሲ ያላቸው ሚኒባሶች ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። የነበረውን ጋዝ በማሽን ስቦ መመዘን፣ መስመሩን ቫኪዩም ማድረግ (አየሩንና ርጥበቱን በፓምፕ መሳብ)፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀምጦ በልኩ መሙላት ነው። 13.6 ኪሎ ጋዝ የሚይዘውን ሲሊንደር በግራም የሚመዝን ሚዛን ጋራዡን አያከስረውም። ባለመኪናውም ሁለት ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፦ ስንት ግራም ወጣ፣ ስንት ግራም ገባ።

ስለ ቫኪዩም አዲስ አበባ ላይ ደጋግሞ የሚያሳስት ነገር አለ። በመጽሐፍ የተጻፈው «29 ኢንች» (የሜርኩሪ) የቫኪዩም ንባብ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጥሩ ፓምፕም ቢሆን ጌጁን ከ22 ወይም ከ23 ኢንች አያሳልፈውም፤ ድሬዳዋ ላይ ወደ 26 ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ፓምፑን ያማርራል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ቢያንስ 30 ደቂቃ አሠርቶ ቫልቮቹን መዝጋትና 15 ደቂቃ መጠበቅ፤ መርፌው ከተመለሰ ቀዳዳ ወይም ያልወጣ ርጥበት አለ።

ቀዳዳን ዓይን ራሱ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ አቧራ ይይዛል፤ ስለዚህ መጋጠሚያ ላይ ያለ ጥቁር ወዝ መጀመሪያ ይታይ። ጋዝ የሚሞላባቸው ቫልቮች፣ ጠጠር የሚመታው የኮንደንሰሩ ፊት፣ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ዋነኞቹ ናቸው። መስመሩን በደረቅ ናይትሮጅን ወጥሮ በሳሙና አረፋ መፈተሽ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ኦክስጅን ግን በፍጹም አይገባም፤ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አየርም አይሆንም፤ ርጥበት ያስገባል፣ በግፊት ከአር-134ኤ ጋር ሲቀላቀልም ሊቀጣጠል ይችላል። የተፈታ መጋጠሚያ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) በአዲስ ይቀየር፣ በኤሲ ዘይት ይቀባ።

ስለ ድምፅ ደግሞ፦ ኤሲ ጠፍቶም ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያጉረመርም ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቺንጋው የሚያዞረው የኮምፕሬሰሩ ፑሌ ኩሽኔታ ነው፤ ኤሲ ቢጠፋም ፑሌው ይሽከረከራልና። ቺንጋውን አውልቆ ፑሌውን በእጅ ማዞር ነው። ከሻከረ በብዙ መኪኖች ኩሽኔታው ብቻ ይቀየራል፤ ሙሉ ኮምፕሬሰር ግዙ የሚባሉ ሰዎች ይህን ይወቁ። ኤሲ ሲበራ የሚያፏጭ ቺንጋ ላልቷል ወይም አርጅቷል። የኮምፕሬሰሩ ክላች በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ እያለ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ጋዝ ማነሱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የግፊት ስዊቹ እየቆረጠው ይሆናል። ከክሩስኮቱ ውስጥ የሚመጣ ጠቅጠቅታ ብዙ ጊዜ የአየር መዝጊያዋን የምታዞር ትንሽ ሞተር ጥርስ መሰበር ነው። ኤሲ ሲጠፋ ለጥቂት ሰከንድ «እስስ» ማለቱ ግን ግፊቱ እየተስተካከለ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚመጣ የብረት መፋጨት ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ጋዝ ሲያንስ ዘይት ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመለስም፣ ውስጡ ይፋቃል። ያኔ ወዲያው ማጥፋት ነው። የተፋቀው ብናኝ ኮንደንሰሩና ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚለቀው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ ኮምፕሬሰር በዚያ ላይ ቢገጠም ብዙ አይቆይም። የዘመኑ ኮንደንሰር ቱቦዎች በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ ታጥበው አይጠሩም፤ ርጥበት ከሚይዘው ማጣሪያ ጋር መቀየር አለበት። ብናኙ ቀርቶ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ሲቀየር ባለመኪናው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በመጨረሻም የኤሌክትሪክ መኪኖች። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ጋራዦቻችን ውስጥ እየበዙ ነው። ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ይጠቀማሉ። በነዳጅ መኪና የሚሠራበት ዘይት በጌጁ ቱቦ ውስጥ ተርፎ ጥቂት እንኳ ከገባ ኤሌክትሪኩ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ኢንሱሌሽን ያዳክማል፤ መኪናው ስህተት አውጥቶ ሊቆም፣ ኮምፕሬሰሩም ሊጣል ይችላል። ለእነዚህ መኪኖች የተለየ ጌጅና ቱቦ መያዝ ግዴታ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ያልሠለጠነ ሰው አይንካ። በብዙዎቹ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ይኸው ጋዝ ስለሆነ በግምት መሙላት ባትሪውንም ይነካል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኤሲ ትምህርታቸው ውስጥ ሚዛኑን፣ የደጋውን የቫኪዩም ንባብና የእነዚህን መኪኖች ዘይት ዛሬውኑ እንዲያስገቡ እንጠይቃለን።

የመኪና ኤሌክትሪክና ኤሲ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ