ሞክሼዎቼና እኔ፦ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዳይሬክተር፣

የምሠራበት ፀጉር ቤት ከመሥሪያ ቤትዎ ብዙም አይርቅም፤ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሙያ ፈቃዴ ደንበኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የስቴቱ ደንብ ያዛል። ቁጥሩን በስቴቱ የፈቃድ መፈለጊያ ላይ ያስገባ ሰው የሚያገኘው እኔን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለት አዲስ ወንበር ለመግዛት ብድር ጠየቅሁ። ማመልከቻዬን የምታየው ሴት ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆይታ "ከፓተንቶችዎ የሚያገኙትን ገቢ ለምን አልጻፉም?" አለችኝ። የምን ፓተንት? የፈጠራ ባለቤትነት መብት ከየት አምጥቼ? ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ። የሰው መረጃ እየለቃቀመ የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ የፀጉር ቆራጭነት ፈቃዴንና የሦስት ፓተንቶችን ዝርዝር በአንድ ስም ሥር ደርድሮታል። ፓተንቶቹ የኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ ናቸው። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳነባቸው የአንድ ሰው እንኳ አልመሰሉኝም፦ ሁለቱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሦስተኛው ላይ የለም፤ ከተሞቹም ይለያያሉ። እኔ አለመሆኔን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

"እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ" ማለት መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። አሌክሳንደር ማይልስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በደሉዝ፣ ሚኒሶታ ፀጉር ቆራጭ ነበር። የአሳንሰር በር በራሱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ በሚያደርገው ፈጠራው ኦክቶበር 11 ቀን 1887 ፓተንት ቁጥር 371,207 ተሰጠው። መቀስ ይዞ ይውል የነበረ የሙያ ባልደረባዬ ነውና ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ስለዚህ የባንኳ ሠራተኛ መጠየቋ ጥፋት አልነበረም። ሙያ ሰውን ከሰው አይለይም፤ ስምም አይለይም፣ የእኛ ስም ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በልማድ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጄ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የእኔን ስም እንጂ የአባቴን አይደለም። አሜሪካ ስንመጣ ፎርሙ "የመጨረሻ ስም" ይለናል። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፤ ያው ሰው ራሱ ሥራ ሲቀጠር አንዱን፣ ዜግነት ሲወስድ ሌላውን ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ጸጋዬን አንዱ በ"ቲ" ይጀምረዋል፣ ሌላው በ"ኤስ"። እንዲህ እየሆነ አንድ ሰው በመዝገብ ላይ ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ሞክሼዎች ደግሞ አንድ ይሆናሉ።

ቢሮዎ ለፈጠራው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ በ2018 አሥር ሚሊዮን ደርሷል። በቢሮው ፊት የሚከራከረው የፓተንት ጠበቃም የምዝገባ ቁጥር አለው። ፈጣሪው ግን ፓተንቱ ላይ በስሙና በሚኖርበት ከተማ ብቻ ይታወቃል። ፓተንትስቪው የተባለው የመረጃ ቋት ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በስሌት ነው፦ ስሙን፣ ከተማውን፣ አብረው የፈጠሩትን ሰዎችና የሥራውን ዘርፍ እያመዛዘነ። በ2015 ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ተወዳድረው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ቡድን ዘዴ መመረጡንም አንብቤያለሁ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ቢሆንም ግምት ነው፤ ሰውየው ራሱ ሊመሰክር የሚችለውን ነገር ኮምፒውተር ባይገምትለት ይሻላል።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። ፈጣሪው ማመልከቻውን ሲያስገባ፣ ከፈለገ፣ ቋሚ የመለያ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ በቅጹ ላይ ይኑር፤ ቁጥሩም ከስሙ ጎን ይታተም። ተመራማሪዎች ለጽሑፎቻቸው ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ መለያ በነጻ ያገኛሉ፤ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ፓተንት ቀድሞ የተሰጣቸውም "ይህ የእኔ ነው፣ ያኛው አይደለም" የሚሉበት መንገድ ይከፈትላቸው። የማንም የልደት ቀንና የቤት አድራሻ ይውጣ አላልኩም። እኔም በፈቃድ ቁጥሬ ስታወቅ ስለ ቤቴ ለማንም የነገርኩት ነገር የለም።

ሦስቱን ፓተንቶች ያወጡት ሞክሼዎቼ፣ ስንትም ይሁኑ፣ የለፉበት ሥራ በፀጉር ቆራጭ ስም ተለጥፎ እንደሚገኝ የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ስሜን ያልጻፍኩትም የእነሱም ስም ስለሆነ ነው። ፊርማዬና የፈቃድ ቁጥሬ ለቢሮዎ በፖስታ በላክሁት ቅጂ ላይ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፈቃድ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ