በከዋክብት መካከል ፈሳሽ የማይኖርበት ምክንያት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ በከዋክብት መካከል ያለው ቅዝቃዜ ከሞለኪውሎች ወሳኝ የሙቀት መጠን በታች ስለሆነ ጋዞቹ ፈሳሽ ይሆናሉ ተብሎ የወጣው ጽሑፍ፣ ፊዚክስ የማስተምራቸውን ልጆች እንዳያሳስት ስለሰጋሁ ይህን ጽፌያለሁ።

ወሳኝ የሙቀት መጠን ማለት፣ ከእሱ በላይ አንድን ጋዝ የቱንም ያህል ቢጨምቁት ፈሳሽ ማድረግ የማይቻልበት ወሰን ሲሆን፣ ለውሃ 374፣ ለአሞኒያ 132፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ከዜሮ በታች 140፣ ለሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በከዋክብት መካከል ሞለኪውሎች የሚከማቹባቸው ጥቁር የጋዝና የብናኝ ደመናዎች ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 263 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዙ፣ የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ትክክል ነው።

ሆኖም ቅዝቃዜ ብቻውን አይበቃም፤ ግፊትም ያስፈልጋል። እዚህ ጎንደር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በመቀነሱ ብቻ በጀበናችን ያለው ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ93 ገደማ ይፈላል። በደመናዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ስለዚህ ውሃው የፈሳሽነትን ደረጃ ዘልሎ፣ እንደ ውርጭ በብናኝ ቅንጣቶች ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ሃይድሮጅኑም ያን ያህል ቀዝቅዞ እንኳ በአብዛኛው ጋዝ እንደሆነ ይቀራል።

በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር