ለአባባ፦ ስለ ተወሰዱብዎ ወረቀቶች

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትዎን እንደሚያምዎት እህቴ በስልክ ነግራኛለች። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ አደራ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ሙግት ነው። ሳነበው ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ነበር። መንግሥትን በሚተች ሞኒተር በተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተብሎ ተጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1762 አራት የንጉሡ መልእክተኞች ቤቱ ገቡ። የያዙት የሚኒስትሩን የሎርድ ሃሊፋክስን ትእዛዝ ነው። አራት ሰዓት ያህል መሳቢያውን፣ የጽሕፈት ጠረጴዛውን፣ ያገኙትን ሁሉ በረበሩ። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዘው ሄዱ።

ኤንቲክ ዝም አላለም። ቤቱን የበረበሩትን ሰዎች፣ ናታን ካሪንግተንንና ባልደረቦቹን ከሰሰ። እነሱም “ታዘን ነው፤ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ለመንግሥት ደህንነትም ያስፈልጋል” ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ሎርድ ካምደን በ1765 አንዱንም አልተቀበለም። ይህ ሕግ ቢሆን ኖሮ በሕግ መጻሕፍታችን ይገኝ ነበር፣ እዚያ ከሌለ ሕግ አይደለም አለ። ለኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት። አስቡት አባባ፣ ሚኒስትር የፈረመበት ትእዛዝ ነው እኮ!

እንግሊዝ ያኔ ንጹሕ ነበረች ማለቴ አይደለም። በዚያው ዘመን መርከቦቿ ባሪያ ይጭኑ ነበር።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ካምደን፣ ለሰው ወረቀቱ ከንብረቱ ሁሉ የሚወደደው ነው ብሏል። እርስዎ የደርግ ዘመን አሰሳ በተነሳ ቁጥር “ነፍስ ከተረፈ ስለ ወረቀት አይወራም” ይላሉ። ስንቱ ልጅ ወጥቶ በቀረበት ጊዜ እንዲህ ማለትዎ ይገባኛል። ግን የወሰዱብዎ ሁለት ጆንያ መጻሕፍትና ደብዳቤ ነው። የአያቴም ደብዳቤዎች እዚያው ውስጥ ነበሩ። በየትኛው ሕግ እንደወሰዱት የነገረዎት የለም። መጠየቁ ራሱ ያስገድል ነበር። ዛሬ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የሰው ቤትና ደብዳቤ እንዳይደፈር ይላል። ያን ጊዜ ግን እርስዎን የሚሰማ ካምደን አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። የትኞቹ መጻሕፍት እንደነበሩ፣ ደብዳቤዎቹም ምን ይሉ እንደነበር፣ የሚያስታውሱትን ያህል ለወንድሜ ይንገሩት። ደብተር ገዝቶ እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል።

ልጅዎ፣
ከለንደን