ከሻንጣዬ ነው ወይስ ከተዋሳችሁት ፍራሽ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ሰላምታውን ሌላ ቀን አበዛዋለሁ። የድምፅ መልእክትሽን ሦስቴ ሰማሁት። «ትኋኑ የወጣው ካንቺ ሻንጣ ነው ይላሉ» ስትይ ሳቅሽን እንደያዝሽ ገብቶኛል፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ከቨርጂኒያ በሻንጣ ሊሄድ ይችላል፣ አልክድም። ለሰርጉ ከሰፈር የተዋሳችሁትን ስድስት ፍራሽስ ማን መረመረው?

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ክርክሩ ይቆየን።

ማላታይን የሚባል ነገር ደጃፋችንን እንዳይረግጥ። አስምሽን ይዘሽ የእርሻ መድኃኒት የተረጨበት አልጋ ላይ ልትተኚ ነው? ነጭ ጋዝም መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ በሚበራበት ቤት አይሆንም። ፍሊቱ ያገኘውን ቢገድል ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ወደ ሌላው ክፍል ይሰደዳል።

በስልክ ባትሪ እያበራችሁ የፍራሹን ስፌት በጥፍር ግለጡ። በስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ኩሱ ነው፤ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ ወደ ቀይ ቡናማ ይለቃል። ትልቁ የምስር ፍሬ ያህላል። እንቁላሉ ነጭ ጤፍ ነው፣ ያውም የተጣበቀ፤ በመጥረጊያ አይነሳም።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ እንቁላሉም አይተርፍም። አንሶላውን ቀቅሉት። በፍራሹ ስፌት ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ካውያውን ቀስ እያላችሁ አሳልፉ፤ ስፖንጁን በቀጥታ ከነካው ያቀልጠዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ብቻ አትመኑ፤ ወደ ጥላው ወገን ይዞራል። ከዚያ በሳምንት አንዴ እየደገማችሁ ሦስት ዙር አድርሱት፣ ምክንያቱም ያመለጠው እንቁላል ቆይቶ ይፈለፈላል። ክፍሉን ቆልፎ በረሃብ እንገድለዋለን ማለትም ከንቱ ነው። ወራት ይጾማል፤ በጾም አንቺንም ያስከነዳል።

አልጋውን ከግድግዳ አርቃችሁ እግሩን ለስላሳ ፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ አቁሙ፤ ጣሳው ውስጥ ፓውደር ነስንሱ፣ ያንሸራትተዋል። ብርድ ልብሱ መሬት ከነካ ግን መሰላል ሠራችሁለት ማለት ነው።

ማሙሽ የደም መጣጭ ፊልም አይቶ መብራት እያበራ ይተኛል አልሽኝ። የእኛው ደም መጣጭ ከራበው መብራት አይመልሰውም በይው። አምስት አሥር ደቂቃ መጥጦ፣ ጠግቦ ወደ ስፌቱ ይገባል። በሽታ ሲያስተላልፍ ግን አልታየም፤ ማሳከክና ማሳፈር ነው ሥራው።

ማሳፈር ካልኩ አይቀር፣ ሙሽራዋ ይዛው የምትሄደው ልብስ ተቀቅሎ ወይም ተተኩሶ በላስቲክ ይታሰር። አማቷ ቤት ትኋን አጅቧት ከገባ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ትናንት 200 ዶላር ልኬያለሁ፤ ለእሷ አዲስ ፍራሽ ግዙበት፣ ከሦስተኛው ዙር በፊት ግን ቤት እንዳይገባ። የምትዳርበትን ቀን በስልክ ማየቴ ሳያንስ ስለ ትኋን እጽፋለሁ። ምን ላድርግ፣ የማውቀው ይህን ነው። ከየት አወቅሽ አትበይኝ፤ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ በቃ። የምተኛበት ንጹሕ ነው።

ጎረቤት «የልጅቷን አልጋ አቃጥሉት» አለች ያልሽው የእኔን ነው? እንዳትነኩት። መገጣጠሚያው አራት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይበቃዋል።

ልጅሽ