ስለ ገጽ ስህተትና ስለ ሞገድ ግንባር ስህተት ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በመለኪያ ወረቀታችን ላይ የተደረገውን ለውጥ ስለማስረዳት

ከዚህ ቀደም የቴሌስኮፕ መስታወት ያሠራችሁ ደንበኞቻችን ከመስታወቱ ጋር በምንሰጠው የመለኪያ ወረቀት ላይ «1/8 ሞገድ» የሚል ታገኙ ነበር። በቅርቡ የወሰዳችሁ ግን ለዚያው ዓይነት ሥራ «1/4 ሞገድ» ተብሎ ስላያችሁ፣ ጥራታችሁ በግማሽ ወረደ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥራቱ አልወረደም፤ የተለወጠው በቁጥሩ የምንገልጸው ነገር ነው። ቀድሞ የቱን ስህተት እንደለካን ሳንጠቅስ ቁጥሩን ብቻ ማስፈራችን የእኛ ጥፋት በመሆኑ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በመስታወቱ ገጽ ላይ ከትክክለኛው ቅርጽ 69 ናኖ ሜትር (አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ዝቅ ያለ ስርጉድ ቦታ አለ እንበል። ብርሃኑ ወደዚያ ሲወርድ 69 ናኖ ሜትር ትርፍ ይጓዛል፤ ተንጸባርቆ ሲወጣም ያንኑ ያህል ይደግማል፤ ስለዚህ አጠገቡ ካለው ጨረር በ138 ናኖ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። የመጀመሪያው የገጽ ስህተት፣ ሁለተኛው የሞገድ ግንባር ስህተት ይባላል። 550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላለው አረንጓዴ ብርሃን ሲካፈሉ አንዱ 1/8፣ ሌላው 1/4 ይሆናል። ዓይን ዘንድ የሚደርሰው፣ የሳተርንን ቀለበት የሚያጠራውም ሆነ የሚያደበዝዘው ሞገዱ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ የምንጽፈው ሁለተኛውን ነው። እጥፍ የሚሆነው ግን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ለሚመታው መስታወት ሲሆን፣ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ለሚገጠመው ትንሹ ጠፍጣፋ መስታወት ማባዣው 1.41 ነው።

ይህ ስህተት ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ለማየት፣ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወታችን ተለጥጦ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከፋሲል ግንብ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለውን ርቀት ያህል፣ ቢሆን ያ 69 ናኖ ሜትር ገና 0.7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ያነሰ ነው።

የምንለካው ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ ከ160 ዓመታት በፊት ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም የኮከብ ብርሃን ተሰብስቦ የሚገናኝበት ርቀት፣ 1,200 ሚሊ ሜትር የሆነ መስታወት ከሆነ፣ በእጥፉ፣ በ2,400 ሚሊ ሜትር ርቀት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት እናስቀምጥና የሚመለሰውን ብርሃን በምላጭ ስለት እየቆረጥን ጥላውን እንመለከታለን። ፍጹም ሉላዊ ገጽ በአንድ ጊዜ እኩል ይጨልማል። ለቴሌስኮፕ የሚያስፈልገው ግን ፓራቦላ፣ ማለትም የኮከብን ብርሃን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብ ጎድጓዳ ቅርጽ፣ ስለሆነ፣ መብራቱ ሳይንቀሳቀስ ምላጩ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ የመሐሉና የጠርዙ ንባብ በ4.17 ሚሊ ሜትር መለያየት አለበት። በካርቶን ላይ በተቆረጡ መስኮቶች ክፍል በክፍል እናነባለን፤ ንባቡን ከሚጠበቀው ላይ ቀንሰን ልዩነቱን ወደ ገጹ ዝንባሌ እንለውጣለን፤ ዝንባሌውን ከመሐል ወደ ጠርዝ እየደመርን የገጹን ከፍታና ዝቅታ እናገኛለን፤ ከዚያ በሁለት አባዝተን ለሞገድ ርዝመቱ እናካፍላለን። ይኸው መስታወት ፓራቦላ ሳይደረግ ሉላዊ ሆኖ ቢቀር፣ ምርጥ ትኩረቱ ላይ ሆኖ እንኳ የሞገድ ግንባር ስህተቱ 452 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሞገዱ ሦስት አራተኛ በላይ ይሆን ነበር።

በአዲሱ ወረቀት ላይ አር ኤም ኤስ የሚባል ሁለተኛ ቁጥርም ታያላችሁ። «1/4» የሚለው ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ብቻ ያላቸው ልዩነት ሲሆን፣ አር ኤም ኤስ የመስታወቱን ገጽ በሙሉ ይቆጥራል፤ የየነጥቡ ስህተት በራሱ ተባዝቶ አማካዩ ይወሰድና ስኩዌር ሩቱ ይወጣል። በስሌቱ እያንዳንዱ ክፍል የሚመዘነው በስፋቱ ነው፤ ከመሐል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት ከ71 በመቶው ወዲያ ያለው ቀለበት ብቻውን የመስታወቱ ግማሽ ስለሆነ፣ ወደ ጠርዙ ያለው ጉድለት መሐሉ ላይ ካለው ይልቅ ያሳስበናል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1879 ያስቀመጠው የ1/4 ሞገድ ገደብ፣ ስህተቱ ሉላዊ ገጽ የሚያስከትለው ዓይነት ሲሆን፣ ከ1/13 ሞገድ አር ኤም ኤስ በትንሹ የሚያንስ ነው፤ በዚህ ጊዜ የኮከቡ ምስል መሐሉ ላይ ከፍጹም መስታወት ብሩህነት 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ደግሞም ማንኛውም ወረቀት፣ የእኛም ሆነ የሌላ፣ የሞገድ ርዝመቱን ካልጠቀሰ ሙሉ አይደለም፤ በ632.8 ናኖ ሜትር ቀይ ሌዘር 1/8 የተባለ ስህተት በአረንጓዴው 1/7 ገደማ ይሆናል።

ሥራችን ለምን ቀናት እንደሚወስድ ለምትጠይቁን፣ ምክንያቱ ሙቀት ነው። አውራ ጣትን ለጥቂት ሰከንድ መስታወቱ ላይ አሳርፎ በምላጩ በኩል ያየ ሰው፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ እንደ እባጭ ተነሥቶ፣ ቀስ በቀስ ሲከስም ይመለከታል። ስለዚህ ወልውለን እንደጨረስን አንለካም፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በሆነው ክፍላችን ውስጥ አሳድረን፣ በማግስቱ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ እንለካለን።

እያንዳንዱን መስታወት ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲያነቡት፣ በሁለተኛ ዘዴም እንዲፈተሽ ያደረግነው እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ የተላከው ሀብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱ ጠርዙ ላይ በ2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ተሳስቶ የተገኘው፣ በመለኪያ መሣሪያው ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊ ሜትር ያለቦታው በመቀመጡ ነበር፤ ሌሎች ፍተሻዎች ስህተቱን አሳይተው ሳለ የታመነው ያ አንዱ መሣሪያ ነበር።

«1/8 ሞገድ» ብቻ የሚል ወረቀት ያላችሁ ደንበኞች መስታወቱን ብታመጡልን፣ ያለ ምንም ክፍያ እንደገና ለክተን ሁለቱንም ቁጥሮች የያዘ ወረቀት እንሰጣለን። ስታመጡት የሚያንጸባርቀውን ገጽ በጨርቅ አትጥረጉት፤ አቧራ ቢኖርበትም እንዳለ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ በሣጥን አድርጉት።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ የመለኪያ ክፍል