ጣቢያውን የዘጋው የፉርጎ በር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኒው ዮርክ ውስጥ «ሲቲ ሆል» ስለሚባለው የተተወ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደነዋል። የተዘጋበትን ምክንያት ግን «አርጅቶ» ብላችሁ ማለፋችሁ ልክ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 17 ቀን 1897 ዓ.ም. ተከፍቶ ታኅሣሥ 22 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲዘጋ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ጣቢያው ያረፈው ባቡሩ ዞሮ በሚመለስበት ቀለበት ላይ ሲሆን ፕላትፎርሙም በኩርባው ውጫዊ በኩል ነው። ነገሩን ለመረዳት ሰፌድ ይበቃል። ቀጥ ያለ እንጨት ውስጡ አጋድሙና ከጠርዙ ጋር አስጠጉት፤ ሁለቱ ጫፎች ጠርዙን ሲነኩ መሐሉ ይርቃል። ሰፌዱ ፕላትፎርም፣ እንጨቱ ፉርጎ ነው። ለምሳሌ 15 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 45 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ቢቆም መሐሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። ሕፃን የሚያሾልክ ክፍተት ነው! ጣርማበር ላይ ተሳቢ ሲታጠፍ ሆዱ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሲጠጋ ያየ የደብረ ሲና መንገደኛ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የመጀመሪያዎቹ ፉርጎዎች በራቸው ጫፍና ጫፍ ላይ ስለነበር ችግር አልነበረም። ሕዝቡ ቶሎ እንዲወርድና እንዲሳፈር መሐላቸው ላይ በር ያላቸው ሲመጡ ግን ክፍተቱ ልክ ከበሩ ፊት ወደቀ። ባቡሮቹም እየረዘሙ ሄዱ፤ ፕላትፎርሙ የተሠራው ለ5 ፉርጎ ነው። ኩርባ ላይ ያለን ጣቢያ ማስረዘም ደግሞ ክፍተቱን ማስረዘም ነው። በዚያ ላይ ብሩክሊን ብሪጅ የተባለው ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነበር፣ ፈጣኑም ባቡር እዚያ ይቆማል። ሲቲ ሆልን በመጨረሻ ይጠቀም የነበረው ሰው በቀን 600 ያህል ብቻ ነው። ማን ገንዘብ ያፈስበታል?

ስለ ጣሪያው የጻፋችሁት ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ቅስቱን የተሸከመው ብረት አይደለም። በጓስታቪኖ ዘዴ ስስ የሸክላ ንጣፍ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ድርብ ቶሎ በሚደርቅ ጀሶ ይያያዝና ቀጣዮቹ በሲሚንቶ ይደረባሉ፣ የአንዱ ድርብ መጋጠሚያ ከሌላው ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ።

«ሐዲዱ ተነቅሏል» ያላችሁትንም አርሙልን። የ6 ቁጥር ባቡር ተሳፋሪውን ብሩክሊን ብሪጅ ካራገፈ በኋላ ዛሬም የሚዞረው በዚያው ቀለበት ነው።

አንባቢዎቻችሁ
ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ