ስምህን ከነአያትህ ጻፍ

ልጄ ካሣ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክሊኒክ የሌላ ካሣ ኃይሉ የደም ውጤት ሰጥተውህ፣ የሰውዬውን መድኃኒት ልትጀምር ነበር አሉ። እህትህ ነገረችኝ። እናትህ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ስንቴ ልንገርህ? ስምህን ከነአያትህ ጻፍ!

ስምህ ድሮም ያሳስታል። የቋራው ካሣ፣ የኃይሉ ልጅ፣ በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የትግራዩ ካሣ፣ የምርጫ ልጅ፣ በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተባሉ። እንግሊዝ በቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ታዲያ መንገድ የሰጡት እኚሁ የምርጫ ልጅ ናቸው። መድፍና ጠመንጃም ተሸለሙበት። ሞክሼዬ ነው ብሎ የሚራራ የለም።

እነዚህንስ በአባት ትለያቸዋለህ። ልዑል ራስ ካሣን ምን ልታደርግ ነው? እሳቸውም ካሣ ኃይሉ! በእናታቸው በኩል የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ መሆናቸውን ካልጠራህ ከቋረኛው አትለያቸውም። እሳቸው በስደት ሳሉ ጣልያን በ1929 ልጆቻቸውን ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋወሰንን ገደለባቸው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እናትህ ትዝ ትለኛለች። ከወንድምህ በኋላ ስትወለድ ካሣ ያልኩህ እኔ ነኝ። እሷ «ልጅ በልጅ ይካሳል እንዴ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እስካሁን «ልጄ» እንጂ ካሣ ብላ ጠርታህ ታውቃለች?

ለነገሩ እኔም በሞክሼ ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ስሜ ተለጥፎ አየሁና የአባቴን ኮት ለብሼ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ፋይሉ ላይ የአያቱን ስም አየሁ። የእኔ አያት አይደለም። ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ከሩቅ ነው የመጣው። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል ብለው ከበር መለሱት። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ለእናትህ እንኳ አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት።

በል፣ ሰኞ ቁርስ ሳትበላ ሄደህ ደሙን እንደገና ስጥ። የሰውዬውን መድኃኒት መልስ። የእሱ ውጤትም የት እንደገባ ጠይቅ፣ ያንተን ይዞ ተቀምጦ ይሆናል። ካርዱ ላይ ሦስቱንም ስም አጽፍ፣ አንብበው፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከነአያትህ ነው ያልኩህ!

አባትህ